ውሃ ልክ

ዝውውሬ ደርሶኝ ከደብረ ብርሃን፣
ጋቢዬን አጣጥፌ፣ ሸጬ ምድጃዬን፣
የአባቴን ውሃ ልክ በነጠላ ጠቅልዬ፣
ወረድኩኝ ወደ ቆላ "ቤት እገዛለሁ" ብዬ።

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ለሰው ቃል የማይቸኩል፣
"አረፋዋ ትመስክር" የሚል፣ መሃል ላይ እስክትውል።

ደላላው ነስረዲን ድሬ በባጃጅ ተቀበለኝ፣
"አቦ፣ ሙቀቱን ተይው፤ ትለምጂዋለሽ" አለኝ።
ሦስት ቤት አሳየኝ በሁለት ቀን ውስጥ፤
አንዱ ካርታ የሌለው፣
አንዱ ከነሰባት ወራሹ የሚያፈጥጥ፣
ሦስተኛው ሳቢያን ነው፣ ዋጋው ሲጠራ የሚያስደነግጥ።
እኔ ደግሞ ያለኝ የዐሥራ አንድ ዓመት ቁጠባ፣
የእህቴ ብድር፣ ከዕቁብም የደረሰኝ ሰኔ ሲገባ።

በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታስጮኸው፣
አንድ ግቢ አስገባኝ፣ የሎሚና የዘይቱን ጥላ ያለው።
ሳሎኑ ቀዝቃዛ፣ ወለሉ የጥንት ሸክላ፣
ከበሩ ፊት ለፊት አሸዋ፤
አሸዋው ላይ ግመል፣ ሸቀጥ፣ ኳስ የሚያባርር ልጅ ሁላ።
"ይህ ሜዳ የማነው?" ብዬ ጠየቅኩት።
"ደቻቱ ነው" አለኝ። እኔም ስሙን ወደድኩት።

በእኛ አገር ወንዝ ማለት ሌሊቱን ሲያወራ የሚያድር ነው፤
ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ "ወንዝ ነህ?" የሚል ማነው?

ዋጋው ግን ረክሷል። ከሌሎቹ በግማሽ።
"ለምን?" ስል ነስረዲን፣
"ዕድል ነዋ! ዕድል ሲመጣ ትጠይቂያለሽ?"

ሻጯ አደ መይሙና በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣
ሙሰበሃዋን ትቆጥራለች፣ አንድም ቃል ከአፏ ሳይወጣ።

ውሃ ልኬን አወጣሁ።
ወለሉን፣ ጉበኑን፣ መስኮቱን፤ አረፋዋ መሃል ዋለች፣
የአባቴ ነፍስ ከብርጭቆዋ ውስጥ "ይሁን" ያለች መሰለች።
የቀረኝ አንድ ግድግዳ፣ ነስረዲን የተደገፈው፤
ወደ ግራ ስሄድ ወደ ግራ፣
ወደ ቀኝ ስሄድ ወደ ቀኝ፣
ጀርባው እንደ ሥዕል የተሰቀለው።
"ድካም ነው አቦ" ይላል። ላቡ ሸሚዙን አልፎ ይወርዳል።
ሰው ግድግዳ ለመደገፍ ይህን ያህል ይደክማል?

ያን ጊዜ አደ መይሙና ሙሰበሃዋን አቆመች።
"ተነስ ከግድግዳው!" አለች።

ተነሳ።

ከዓይኔ ከፍ ብሎ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አንድ ቡናማ መስመር፣
ማንም ገመድ ሳይወጥር፣ ማንም ጠመኔ ሳያሰምር።

"አንቺ ውሃ ልክ ይዘሻል፤ የእኛ ውሃ ልክ ይኸው፣
በአንድ የነሐሴ ሌሊት ውሃው ራሱ የለካው።
ልጆቼ ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ ሦስቴም ወጣ ከቀለም ሥር።
ተውት አልኩ።
የእህቴ የሱአድ ቁመት ከዚህ መስመር ያንስ ነበር።"

"አሁን እኮ ግንብ ተሠርቷል!" አለ ነስረዲን። ማንም አልሰማው።

"እዚህ ሲዘንብ አትፍሪ፤ የእዚህ ዝናብ ጨዋታ ነው።
ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከብ ሞልቶ፣ ደጋው በሩቅ ሲያጉረመርም፣
ያኔ ፍራሽ አታንሺ፣ ወርቅም፣
ራስሽን ይዘሽ ውጪ።
ውሃችን እንግዳ ነው፤ ሳይጠሩት፣ ሌሊት፣ ከደጋ የሚወርድ።"

"እኔም ከደጋ ነኝ" አልኳት።

ሳቀች። ጥርሷን ያኔ ነው ያየሁት።
"አንቺስ አንኳኩተሽ ነው የመጣሽው።"

ቀብድ ከፈልኩ። ነስረዲን ድርሻውን ሁለቴ ቆጠረ፤
"መስመሩ እንዳይቀባ" የሚል ቃል
በእኔ ጥያቄ፣ ከውሉ ግርጌ በእስክሪብቶ ተጨመረ።
ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። የሻጭ ግዴታ ነው የገዢ?
እኔም አላወቅኩም። ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ሌሊት አየሩ እንደ ዳቦ ቤት ግድግዳ።
ጎረቤት ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቷል፤
ሳል፣ ሬዲዮ፣ የሕፃን ለቅሶ በአጥር ይሻገራል።
እኔ ገና ቤት ውስጥ ነኝ።
ካርታውን፣ የአባቴን ፎቶ፣
ከመስመሩ አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ።

ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩ።
ተረከዜን አስጠግቼ፣ ነስረዲን በቆመበት ቆምኩ፣
መዳፌን አናቴ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ለካሁ።

በሦስት ጣት እበልጠዋለሁ።