ወጪ፣ ገቢ፣ ቀሪ

ጁን ሠላሳ ማታ፣ መዝገቡ ሊዘጋ፣
እኔና አቶ ፉንግ ከቁጥር ስንዋጋ፣
ኪናባታንጋን ወንዝ
ደለሉን ተሸክሞ ቆሟል ደጃችን ጋ።

«ጻፊ» አለኝ ፉንግ መነጽሩን ጠርጎ፤
«ከመቶው አሥራ አንዱን ጎርፉ ወስዶታል፤
የፓልም ዘይት ዋጋ ግን ገበያው ሰቅሎታል፤
የተጣራ ትርፍ ዘጠኝ በመቶ አድጎ፣
ግማሽ ዓመቱ አልቋል ሁሉን ደግ አድርጎ።»

ጻፍኩት። ምክንያቱም በሁለት ቃል አለፈ፦
«ያልተለመደ ዝናብ»።
ስድስት ሳምንት ሙሉ ቤት ያንሳፈፈ፣
የዶሮ ቆጥ ነቅሎ ለባሕር ያሳለፈ፣
ዘለላውን በቁሙ አብስሎ፣ አበስብሶ፣
ውኃ ላይ ያረገፈ።

በእኛ መዝገብ ቋንቋ
በበር የገባ ሁሉ ገቢ ነው ስሙ፤
የጭነት መኪናው፣ ዘለላው ከነደሙ።
ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ማጭዱን ተሸክሞ
ከበር የወጣ ሰው
ወጪ ነው፤ ወጪ ነው ከጥንትም ከቀድሞ።

ኮፖንግ ወጪ ነበር።
ከፍሎሬስ ደሴት በመርከብ የመጣ፣
በረጅም ዘንግ ጫፍ ማጭድ የሚያወጣ፣
ሃያ አምስት ኪሎ ፍሬ
ከሰማይ ቆርጦ የሚያመጣ።
ማርች ውስጥ አንድ ጧት ቀና ብሎ ሲያይ
ከዘለላው እሾህ አንዱ ወርዶ አረፈ ከብሌኑ ላይ።
ክሊኒኩ ጠብታ፣ የሁለት ቀን ዕረፍት።
ከዚያ ወዲያ እኔ ከስሙ ትይዩ
«ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ፤
ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ፤ ሰማንያ ሦስት ጊዜ።
በዓምዱ ግርጌም፣ ከድምሩ በታች፣
ያችው ቃል ቁጭ አለች።
ያልመጣው ሰው ቀሪ፣ የተረፈው ብር ቀሪ፤
ማን ማንን አስቀረ? አልነበረም ነጋሪ።

የሠንጠረዡ ራስጌ «በሚሊዮን» ይላል፤
ስድስት ዜሮ ወልቆ ቁጥሩ ይቀላል።
ኮፖንግ ሠላሳ ዓመት ያለ ዕረፍት ቢያጭድ
አንድ አይሞላም።
ከነጥቡ ወዲያ ነው የሱ መንገድ።

ሚስቱ ባሬክ ግን ትመጣለች ማታ፣
ከዛፍ ሥር የረገፈ ፍሬ ለቃቅማ፣
በማዳበሪያ ጆንያ አጉብጧት ተሸክማ፤
ልጇ ኔልቺ ከፊት ባትሪ አብርታ፣
ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ወረቀት አጥታ።
ጆንያው የሚመዘን በባሏ ቁጥር ነው፤
የሷ ቁጥር የለም።

መርፌው ሠላሳ ስምንት።
እኔ አርባ ብዬ ጻፍኩ።
በማግስቱም እንዲያው። በማግስቱም እንዲያው።
ሌብነት ነው ካላችሁ፣
እንግዲህ በየማታው ሁለት ኪሎ ሰረቅሁ፤
ሚሊዮን በሚያጠጋጋ ቤት ውስጥ
እኔም አጠጋጋሁ።

ፉንግ እርሳሱን አቁሞ፦
«ከሚዛን እስከ ፋብሪካ
በወር ስልሳ ኪሎ መንገድ ላይ ይጠፋል፤
ማነው የሚበላው?»
«ሚዛኑ አርጅቷል» አልኩት፤
«ዝናብ ሲገባበት መርፌው ያብጣል።»
ጸጥ አለ። አባቱ፣ እዚሁ ወንዝ ዳር፣
ግንድ ቆጣሪ ነበሩ ይባላል፤
ሁለት ጣት አጥተው ነው ጡረታ የወጡት።
«ያልተለመደ ዝናብ» አለ ቀስ ብሎ፣
ጎኑ ላይ በእርሳስ ምልክት ጥሎ፣
መዝገቡን ዘጋ።

ጁላይ ገባ። በአክሲዮን ሰባት ሳንቲም
ዋና ከተማ ላይ ድርሻው ታደለ፤
ወንዙም ጎደለ፣
ጭቃው ተሰነጠቀ፣
ነጭ ሳቢሶች ቦዩ ላይ ተሰለፉ።
ባሬክ ጆንያዋን ሚዛን ላይ አሳረፈች፤
ኔልቺ ባትሪዋን መርፌው ላይ አበራች።
ሠላሳ ስምንት።
ቀና ብዬ ዐየሁ፦
ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ኮከብ በኮከብ፤
አንዲት ደመና ፈለግሁ፣
አንዲት ጠብታ ዝናብ።