ለጉማሬ ባንዲራ የለም

ዋሸራ ስድስት ዓመት ቅኔ ቆጥሬ፣
ሰምን ከወርቅ መለየት ተምሬ፣
ባሕር ዳር ወርጄ ባንዲራ ሰቃይ ሆንሁ፤
ከሐይቁ ዳር፣ ከምሰሶ ሥር፣ ገመድ ይዤ ቆምሁ።

ያስገቡኝ ባሻ ልየው ናቸው፤ የምጽዋ መርከበኛ፣
በገዛ ቤታቸው እንግዳ፣ በውኃ ላይ ግን ዳኛ።
በመጀመሪያው ቀን ጨርቆቹን ሣር ላይ ዘረጉ፤
እንደ ስጥ አሰጧቸው፤ ነፋስ እንዳይወስድ ድንጋይ አደረጉ።

«ይኸ ሰማያዊ፣ መኻሉ ላይ ነጭ መስኮት ያለው፣
‹ተዘጋጁ› ነው። ሲወጣ፣ አራት ደቂቃ ቀረ በለው።»
እኔም አልሁ፤ «የኔታ፣ ሰሙን አየሁት፤ ወርቁስ ምን ይሆን?
ሰማያዊው ሥጋ፣ መስኮቱ ነፍስ ቢሆን?»
ባሻ አልሳቁም፤ ለረጅም ጊዜ አዩኝ ብቻ፣
ዓሣ አለበት ተብሎ ድንጋይ እንደተገኘበት ስልቻ።
«ወርቅ የለውም» አሉ። «አንድ ጨርቅ፣ አንድ ቃል።
ሁለት ፍቺ ያለው ባንዲራ ሰው ይገድላል።»

ይኸ ለጎጃም ልጅ ከባድ ነው። እኛ አገር
«ደኅና ዋል» እንኳ ቢሉህ፣ ቤትህ ገብተህ ትፈታዋለህ ስታድር።

ግን ተማርሁ። ሌሊት ሌሊት፣ ከቆርቆሮው ሥር ተኝቼ፣
እንደ ግስ አወረድኋቸው፣ ጣቶቼን አንሥቼ፦
ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ጫፉ ሹል፦ «ቆዩ፣ አትጀምሩ»፤
ነጭ ላይ ሰማያዊ መስቀል፦ «ቀድሞ የወጣ ይመለስ ወደ መስመሩ»፤
ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ ዙሪያው ሰማያዊ ጥልፍ፦
«ሁላችሁም ተመለሱ፤ አንድም ሰው አይለፍ»፤
ዳማ የሚመስለው፣ ሰማያዊ ነጭ፣ ሰማያዊ ነጭ፦
«ቀርቷል፤ ሁሉም ይግባ»።
ይህችን ሲያስጠኑኝ ባሻ በመስኮት ያያሉ ወደ ውጭ።

«ጥሩንባው ቢነፋም ባይነፋም» ይላሉ፣ «ዓይንህን እመን፤
ድምፅ ውኃ ላይ ይዘገያል፤ ጨርቁ ነው ሰዓቱን የሚለካልን።»

የውድድሩ ዕለት። ስድስት ጀልባ፤ ሸራቸው የተሰፋ ጆንያ፤
የምንይችል ላይ ገና ይነበባል፦ «ሃምሳ ኪሎ ዩሪያ»።
ጥሩዘር በስተግራ፣ እንዳላማው በደብረ ማርያም በኩል፤
ነፋስ ከዘጌ መጣ፤ ገመዱ እጄን አደረገው ቅጥል።

አምስት ደቂቃ፦ የምድቡን ሰቀልሁ። አራት፦ መስኮቱን።
ባሻ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔ የባሻን ፊት፤ ሕዝቡ ሰማዩን።
አንድ ሲቀር መስኮቱን አወረድሁ። ያን ጊዜ ከደንገሉ፣
ከአባይ መውጫ፣ ጉማሬ ብቅ አለ፤ ጆሮውን አራገፈ፤ ከመነሻው መስመር መኻሉ
ቆመ።

ከእርሱ በቀር ቀድሞ የወጣ የለም።
ባሻ! ምን ልስቀል? ለጉማሬ ባንዲራ የለም!
መስቀሉን ብሰቅል «ይመለስ» ማለት ነው፤ እርሱ ግን አያነብም።
ባሻ ከንፈራቸው ደርቋል። መልስ አልሰጡኝም።

ዝንጉርጉሩን ሳብሁ። «ቆዩ»።
ጥሩንባው ውኃ ገብቶበት እንደ ግልገል ሳለና ዝም አለ።
ጥሩዘር ቀና አለች፤ የሸራዋን ገመድ ለቀቀች። ከዚያ እንዳላማው።
ከዚያ የቀሩት፤ የምንይችል ዩሪያ ነው በመጨረሻ የረገበው።

አንዱም «ምን ማለቱ ነው?» አላለም።
ዋሸራ ያን ሁሉ ዘመን ቅኔ ስዘርፍ፣
ስድስት ሰው ባንድ ቅጽበት ገብቶት አያውቅም።

ጉማሬው አዛጋ። አርባ ደቂቃ ቆየ።
ሕዝቡ ቆሎ ገዛ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ አንዱ ፖሊስ ጠጠር ሊወረውር ብሎ ባሻን አየ፣
ተወው።
አውሬው ሲሰወር ጨርቁን አወረድሁ፤ ቆጥረን ከሀ ጀመርን።
ጥሩዘር ቀደመች።

ማታ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ ጨርቆቹን ስናጥፍ፣
ባሻ ያቺን ዳማ ያዙ፤ አልለቀቋትም ከእጃቸው።
«ምጽዋ አንድ ሌሊት ይህችን ሰቅያለሁ» አሉ። «ጨለማ ነበር። አላዩኝም።»
ከዚያ፣ ቀስ ብለው፦ «የዚህችስ ወርቋ ምን ይሆን?»

አላወቅሁም።
ወዲያኛውን ጫፍ ያዝሁላቸው።
አራት ቦታ አጠፍናት።