ከፎጣው ስር

ሰኞ ነው፤ ባቲ ላይ አቧራው ሲነሳ፣
ግመል ተንበርክኮ በቁጣ ሲያገሳ፣
አባቴ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ
የገዢውን መዳፍ ከስሩ ወስዶ
ያወራል በጣቱ።

አንድ ጣት ሲጨበጥ አስር ሺ ነው በሉት፤
አምስቱ ሲያዝ ሃምሳ፤ የቀረውን ገምቱት።
መዳፍ ሲቧጨር ግን፣ «ትንሽ ጨምርልኝ»፤
አውራ ጣት ሲጠመዝ፣ «ወንድሜ፣ አትግደለኝ»።
ፊታቸው ዝም ይላል፤ ዓይናቸው ሰማይ ላይ፣
ዝናብ የሚጠብቁ ይመስላሉ ለሚያይ።

ጋአስ ከሚሌ ነው፤ ቦሩ ከከሚሴ፤
ነጋዴው ተካልኝ የመጣው ከደሴ፤
በሦስት አፍ ቢያወሩ፣ በየፊና ቢጾሙ፣
ከፎጣው ስር ሲገቡ በአንድ ጣት ተስማሙ።

ሴት ግን እጇን እዚያ አስገብታ አታውቅም።
«ክልክል ነው» ያለ የለም፤
እንዲያው አይደረግም።

እኔ ሰኒያ ሙሄ፣ በቀይ ጃንጥላ ስር፣
በስልኬ ያልፋል የስንቱ ግመል ብር።
ጠዋት ጠዋት ደግሞ የሙክቱን ጥርስ፣ ላቱን፣
ሲራመድ ቀርጬ ግራና ቀኙን፣
አዳማ ላለ ሰው እሰድለታለሁ፤
ባንድ ጣት ይነካል፤ «ተሸጠ» እላለሁ።

አባቴ አይወደውም።
«ይሄ ያንቺ መስታወት ላብ የለውም፣ ልጄ፤
ውሸትን የማውቀው በላቡ ነው፣ በእጄ።»

እውነቱን ነው። ግን እኔም አፍ አለኝ፦
«የአክስቴ የወለላ ላም ትዝ አይልህም ወይ፣ አባ፣
ባሏን በቀበረች ሳምንት ገበያ ስትገባ?
ያንተ ወዳጅ ቆሞ ተደራደረላት፤
ከፎጣው ስር ስንት እንደተባለ ማን ነገራት?
ዛሬ ስልኳን ከፍታ የደሴን ዋጋ ታያለች፤
ደላላ ሲያባብላት፣ ‹አይ፣ አነሰ› ትላለች።»

ዝም አለ አባቴ። ፎጣውን አራገፈ።
አቧራ ወጣለት።
ነገሩ እንዲህ አለፈ።

አንድ ሰኞ ታዲያ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣
ኔትወርኩ ጠፋና ብሩ ቀረ ሰማይ።
ግመሉ ተሸጧል፤ ገመዱ ተፈቷል፤
ገንዘቡ ግን የታል?
ስልኬ ላይ ያቺ ክብ ትሽከረከራለች፤
ሰው ሁሉ ከበበኝ፤ እሷ ግን ትዞራለች፣
ትዞራለች።
ሰዉ ስልኩን አንስቶ ወደ ማማው ዞረ፤
ዱአ ያለ ይመስል እጁ ተደረደረ።
«አያቴ በአሞሌ፣ አባቴ በጠገራ፣
እኔ ደግሞ በአየር!» አለ ቦሩ በምሬት ሲያወራ።

«ሰኒያ፣ ነይ» አለኝ አባቴ፤ ፎጣውን ዘረጋ።

ሳቅ ያመለጠው አለ፤ አንዱ ምራቁን ዋጠ፤
ከጨለማው ውስጥ አንድ እጅ እጄን ጨበጠ።
ሻካራ፣ ሙቅ መዳፍ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣
አርባ ዓመት የሸጠ፣ ሐቅም ቅጥፈትም ያወቀ።
እዚያው አስተማረኝ፦ ይሄ ሺ፣ ይሄ መቶ፣
ይሄ፣ ሰው ሲቸግረው፤
ይሄ፣ ሰው ተከፍቶ።

ነገ ምን ይመጣል? እኔ ምን አውቄ።
የግመል ጆሮ ላይ ቁጥር ይሰካ ይሆናል፤
ማሽን በዓይኑ ብቻ ስጋውን ይመዝናል፤
ኮምቦልቻ ላይም ባቡር ይጮህ ይሆናል።
ዋጋ ቆራጩም አንድ፣ ፊቱን ያላየነው፣
ከየት ሆኖ እንደሚያስብ ማንም የማያውቀው።
ያኔ ልጅ ብወልድ (ልጅ የለኝም ገና)፣
«ዋጋውን ማን አለ?» ብትለኝስ፣ እና?
እጁን የት አግኝቼ አስጨብጣታለሁ?
ላብ የሌለውን ፊት በምን እፈትሻለሁ?

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ ኔትወርኩ ተመለሰ፤
«ገባ፣ ገባ!» አለ ጋአስ፤ ገበያው ታመሰ።
አባቴ ግን ጣቴን ገና አልለቀቀም፤
ሁለቴ ጫን አደረገው።
ያ ቁጥር ስንት እንደሆነ
እስከ ዛሬ አላውቅም።