ለአዲስ ገቢዎች፣ ከብረታ ብረት ወርክሾፕ

እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ጃኬት ደርቡበት፣
የደብረ ብርሃን ብርድ ይሉኝታ የለበት።
ሻንጣውን አኑሩና ተከተሉኝ በእግር፣
ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ላውራችሁ አንድ ነገር።

በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፤ ራዕይና ተልዕኮ፣
አምና ነው የመጣው ከአዲስ አበባ ተልኮ።
ፊደሉ ወርቅማ ነው፣ አያሳፍርም ቃሉ፣
ግን ቀና ብለው አይተው ስንቶች ያልፋሉ።

እርገጤ ነው ስሜ፣ የማቅለጫው ኃላፊ፤
ዶክተር አይደለሁም፣ ወይ የመጽሐፍ ጸሐፊ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከእሳት ፊት የቆምኩ፣
ቅንድቤን ገብሬ ይህን ሙያ ያወቅኩ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ከመንዝ በታች፣ ከቆላ፤
ቤታችን ከወንዙ ዳር፣ ከመንደሩ ኋላ።
ማረሻው ሲዶለዱም ሁሉም ወደ እሱ ይመጣል፣
ሠርቶ ሲሰጠው ግን በሩቁ ይቀበላል፤
ልጁን በነጠላ ጋርዶ ከዓይኔ ያሸሻል፤
«ጠይብ ነው» ይላል ቀስ ብሎ፣ ሲርቅ «ቡዳ» ይላል።
በእኛ ማጭድ ያጨደውን ገብስ እየቆላ
እጃችንን ይጸየፋል፤ እህሉን ግን አይጠላ።
እናቴም ሸክላዋን ስትወስድ ገበያ
ቦታዋ ጥግ ነበር፣ ከቆሻሻ መጣያ።

ይህ ግቢ ሲጀመር፣ ሕንፃው ሳይኖር ገና፣
አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ቶርኖ ነበረና፣
የአባቴን ሙያ ሰምተው መልእክት ላኩበት፤
ወናፉን ተሸክሞ መጣ፤ ቆመ ከበሩ ፊት።
እንደለመደው «እዚሁ ደጅ ይበቃኛል» አለ።
ዶክተር የሺመቤት ወጣች፤ ጥላሸቱን ሳትፈራ
እጁን ጨበጠችው፤ አስገባችው ከእሷ ጋራ።
ያ ቀን ነው ለእኔ የዚህ ቤት መመሥረቻ፤
ሪባን አልተቆረጠም፤ መጨባበጥ ብቻ።

ዛሬ ሕንፃው በዝቷል፤ ቁጠሩ ብትባሉ ይደክማችኋል፤
ተማሪው በሺህ ነው፤ ካፌው ምሳ ሰዓት ይጮኻል፤
ላብራቶሪው፣ ኮምፒውተሩ፣ ከውጭ የመጣው ማሽን
ሁሉም ደህና ነው፤ ግን ለማን? ጠይቁ ይህን።

ከጅሩ ሦስት ሰዎች፣ አይሱዙ ተሳፍረው፣
ፓምፕ ይዘው መጡ አምና፣ በጋቢ ጠቅልለው።
«መለዋወጫ የለውም» ተብለዋል ሦስት ቦታ፤
ሴቶቹ ገደል ወርደው ይቀዳሉ ማታ ማታ።
ጥሩዓለም የምትባል፣ የአራተኛ ዓመት ልጅ፣
ስሌቱን ጨረሰች፤ ብረቱ እምቢ አለ እንጂ።
ሦስቴ ሠራች፣ ሦስቴም ውኃ ሲነካው ነቃ፤
ጓንቷን ወረወረች፤ «በቃኝ» አለች፣ «በቃ»።
«አባቴ» አልኳት «ብረቱን በውኃ አያጣድፈውም፤
አመድ ያለብሰዋል፤ እስኪነጋም አይነካውም።»
ጠዋት ከአመዱ ወጣ፤ በመዶሻ መታችው፤
እንደ ደወል ጮኸ፤ ሰምታ፣ እንደገና መታችው።
ምክንያቱን ከመጽሐፍ አግኝታ ኋላ አስረዳችኝ፤
አባቴ ሳያውቀው የኖረውን ስም አስተማረችኝ።

ሰሌዳው ላይ ያለውን በቃል አልያዝኩትም፤
ጅሩ ላይ ውኃ አለ፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጉሙ ሳይነሳ፦
ከእናንተ መሀል ይኖራል ወላጁን የማያወሳ፤
«አባትህ ምን ይሠራል?» ቢሉት ወሬ የሚቀይር።
እኔም ልጅ ሳለሁ «ነጋዴ ነው» ስል ነበር።
እሱ ልጅ ወደ ማቅለጫው ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው፤
ግድግዳው ላይ ወናፍ አለ፤ የአባቴ ነው።
ጓንት አትርሱ። ሁለት ሰዓት ላይ እሳቱ ይለኮሳል፤
ወናፉም፣ ቆዳው ቢደርቅም፣ አሁንም ይተነፍሳል።