መሬት የሚሉት ገመድ

ምጽጴ ራሞን ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣
ጎሕ ሲቀድ ልንነሣ፣ ሳይበረታ ፀሐይ፣
አዛናው ቁልፍ አዞረ፤ መኪናዋ «ጠቅ» ብላ ቀረች፤
ደግሞ አዞረ፤ «ጠቅ»፤ እንዳኮረፈች ዝም አለች።

ከኋላ፣ ከመኝታው፣ መብራቱ ቦግ ብሏል፣
ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ እርጎ ይጠብቃል።
«ሁለት ባትሪ ይዤ!» አለ፣ «አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለቤት፤
ሁለት ጎተራ ያለው ሰው ጦም ያድራል በምን ምክንያት?»

ኢታማር ከአፉላ፣ በስልክ፣ ገና እንቅልፍ ባፉ፦
«አባ፣ ቮልቱን ለካው።» ለካ፤ ሁለቱም አለፉ።
አንዱን ካንዱ አገናኘ፤ «ጠቅ»።
ስታርተሩን በመዶሻ መታ፤ «ጠቅ»።
ሪሌውን ከነዘሩ ሰደበ።
ሁለት ዋልያዎች ቋጥኝ ላይ ቆመው ያዩታል፣
ከፍለው እንደገቡ።

እኔ ባትሪ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት
ኪርያት ጋት ስሰፋ ክርን ነው ያወቅሁት፦
ሊበጠስ ሲል ይግላል።
እጄን ሰደድሁና ጥቁሩን ገመድ ዳበስሁ፣
ከሻሲው የሚታሰርበት ድረስ ደረስሁ፤
ትኩስ ነው፣ እንደታመመ ልጅ ግንባር።
«ይሄስ ምንድን ነው?»
«እሱማ… መሬት ነው የሚሉት» አለና ዝም አለ።

ብሎኑ ላልቷል፤ ከሥሩ ዝገት።
ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ የላላው መሬት።

በሽንኩርት ቢላዬ ፋቀው፣
በአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አጠበቀው፤
ሞተሩ ሲያጓራ ዋልያዎቹ ገደል ገቡ።

ቤርሳቤህ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰም።
እዚያ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፦
«ጣትሽን አቃጠለሽ እንዴ?» አለኝ።