ሳይበርድ አይላጥም

ሊማ ጉም ለብሳለች። ጋማራ ገበያ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው የኔሊዳ ማተሚያ።
አንድ አባት መጣ፣ የልጁን ፎቶ ይዞ፣
«ሃያ ካናቴራ» አለ፣ ድምፁ ፈዝዞ፣
«ለወር መታሰቢያው። ስሙም ይጻፍበት።»
ገልብጣ አተመችው፣ እንደ መስታወት፤
«ዊልመር» ከ«ር» ጀመረ፤
ፊልም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ግራኝ ነበረ።

ከላይ ስስ ፊልም ነው፣ ተሸካሚ ብቻ፤
ከሥሩ ሰም አለ፤ ከዚያ ቀለም፣ ሙጫ።
የሰሙ ሥራ አንድ ነው፦ ይዞ መጠበቅ፣
ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ያለ ጭረት መልቀቅ።

መቶ ስድሳ ዲግሪ። አሥራ አምስት ሰከንድ።

ማተሚያው ተነፈሰ። አባትየው ቸኩሎ
እጁን ሰደደበት። «ተው!» አለችው ቶሎ፣
«ሳይበርድ አይላጥም፤ ይቦጭቃል ጉንጩን።»
ቆመው ጠበቁ ሁለቱም የሚበርደውን።

ጥጉን በጥፍሯ ጫፍ አነሣችው፤ ቀስ ብሎ
ፊልሙ ባዶ ወጣ፣ ልጁን ጥጡ ላይ ጥሎ።
ቀኝ እጁ ቀኝ ሆነ።

«ሲቆይስ ይለቃል?» አለ፣ ዓይኑ ጥጡ ላይ።
«በቀዝቃዛ ውሃ፣ ገልብጠህ፤ ከፀሐይ
አርቀህ ካሰጣኸው፣ ዓመታት ይቆያል።»

ስለ ቀለሙ ነበር እሷ የመለሰችው።