ክፈል

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ግሏል፣
ከፈተል ክፍል የወጣው ሰልፍ የደሞዝ መስኮቴን ከቧል።
አንዲት ሴት፣ ጥጥ ከቅንድቧ ሳይራገፍ፣
ክርኗን አስደግፋ በመስኮቱ አፍ
«ኑር አዲስ እባላለሁ» አለች፤ «ሦስት ዓመት ስፈትል ኖሬ
ምነው የጠፋሁት ዛሬ?»

ፈለግኋት። አለች፤ ግን ተበትና፦
ስም፣ ኑር።
ደሞዝ፣ አዲስ።
ወር፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ።
ከሥሩም፣ ያለ አንዳች ኀፍረት፣ «ተከናውኗል» ይላል።

ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በክረምት፣ ቦርከና ሞልቶ ሲያጓራ፣
መብራት ሁለቴ ሄዶ ሲመጣ፣ ከሻማ ጋር ሳወራ።
ስሙን «ክፈል» አልኩት። ሲጠሩት መጀመሪያ የራሱን ስም ይሰማል፣
ራሱን ዜሮ ብሎ ይቆጥርና ሌላውን በተራ ይቀበላል፤
አንደኛው ሰው ነው፣ ሁለተኛው ብር፣ ሦስተኛው ወር።
ፊት አያይም እሱ፤ የሚያውቀው ወንበር፤
ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ቁልቁል እንደሚጠማዘዝ ሚኒባስ ረዳት
«ከኋላ ሦስተኛ፣ ሒሳብ!» ነው የሚል፤ የሰው ስም ምን ሊያደርግለት።

ደግሞ ቆራጩ እሱ አይደለም። ከሱ በፊት በር ላይ ዘበኛ አለ፣
የተየብኩትን መስመር ተቀብሎ፣ ባዶ ባየበት እየከፈለ
ቁርጥራጩን ወደ ውስጥ የሚያቀብል።
«ክፈል» ብዬ ነበር ያዘዝኩት።
ታዘዙኝ።
ከፈሏት።

ከኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበሩት ጋሽ አራጋው ሙሄ
በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ሳይጥሉ አያልፉም ነበር።
«ባዶ ቦታ ማንም ይገባበታል» ይሉኛል፣ ብዕራቸውን እየጠረጉ፤
እኔ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ።

ጭረት የቀደመው ቃል ስም አይደለም፣ ጠባይ ነው፤
ሁለት ጭረት አስቀድሜ «ሙከራ» ብለው
አንድ ብር ሳይነካ ያሳየኝ ነበር።
ቸኩዬ ነበር።

በጥቅስ ላጥራት አልኩ። መጽሐፍ ላይ ያለው፣ ማዕዘን የሠራው
የኛ ትእምርተ ጥቅስ አልበጀም፤ ዘበኛው እንደ ፊደል ቆጠረው።
ሁለቱን ቀጥ ያሉትን ፈልጌ ከፊቷና ከኋላዋ ሳቆም
ዝም ብሎ አሳለፋት።
አንድ ሰው። አራት ሺህ ሁለት መቶ። ጥቅምት።

«ምን ሆኜ ነው?» አለች። «ስምሽ መሃል ክፍተት አለ» አልኳት።
ሳቀች። «ኑርን አባቴ፣ አዲስን እናቴ አወጡ፣
አንዱ ለሌላው እምቢ ብለው፣ ላይሰጡ።
አያቴ ናቸው ሁለቱንም ጥሯት ያሉ፣
ጠብ ሰልችቷቸው።»
ብሩን ሁለቴ ቆጠረች፤ ሦስተኛውን ጀምራ ተወችው።

ቀጥሎ ከሽመና ክፍል የመጣ ሰው፤ ኮፍያውን አወለቀ።
«ወልደ ትንሣኤ» አለኝ።
«ተለያይቶ ነው የሚጻፈው?» ብዬ ስጠይቀው
መታወቂያውን አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ ለረጅም ጊዜ አየው።